የዲቪዲ ቅየራ ጥያቄና መልስ፦ ቁጥሩን ከመንካታችሁ በፊት ምስሉን እዩት

ዲቪዲ በሃንድብሬክ (ቪዲዮ በሚቀይረው ነፃ ፕሮግራም) ወደ ፋይል ስትቀይሩ የቸገራችሁን ጠይቁ፣ የማውቀውን እመልሳለሁ። አስቀድሜ አደራ የምለው፦ ሙሉውን ከመቀየራችሁ በፊት ሰው የሚንቀሳቀስበትን አንድ ደቂቃ መርጣችሁ ሞክሩ። ዋናውን ዲስክም አትጣሉ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጥራቱን ስንት ላይ ላድርገው?

መልስ፦ ለዲቪዲ በኤች.264 (በተለመደው የቪዲዮ ማመቂያ ዘዴ) ቋሚ ጥራቱን ከ18 እስከ 22። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ጥራቱ ይጨምራል፣ ፋይሉም ይገዝፋል። እኔ 19 ላይ ነው የማደርገው።

ጥያቄ፦ የልጆቼን ልደት አባታቸው በካሜራ የቀዳው ዲስክ ነው። ልጆቹ ሲሮጡ ጠርዛቸው በቀጫጭን አግድም መስመሮች ይሰነጣጠቃል፤ ሲቆሙ ይጠፋል። ዲስኩ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ አልተበላሸም እህቴ። ቅጂው ኢንተርሌስድ ስለሆነ ነው። በፓል (በአውሮፓና በብዙ አገሮች የቴሌቪዥን ሥርዓት) አንድ ፍሬም፣ ማለትም አንድ ሙሉ ምስል፣ 576 መስመር አለው፤ ግን ሁሉም በአንድ ቅጽበት የተነሱ አይደሉም። መጀመሪያ ግማሾቹ፣ 288ቱ፣ አንዱን እየዘለሉ ይነሳሉ፤ የቀሩት 288 ከሰከንድ አንድ ሃምሳኛ በኋላ ይከተላሉ። በዚያች መሀል ልጁ ተንቀሳቅሷል። ሁለቱ ሲደረቡ ጠርዙ የማበጠሪያ ጥርስ ይመስላል። የድሮው ቴሌቪዥን ተራ በተራ ስለሚያሳያቸው ይህ አይታይም ነበር።

ማጣሪያዎች የሚለው ገጽ ላይ ዲኢንተርሌስን (ይህን መሰነጣጠቅ የሚያስተካክለውን) «ዲኮምብ»፣ ከሥሩ ያለውን ደግሞ «ቦብ» አድርጊው። ያን ጊዜ እያንዳንዱ ግማሽ ራሱን ችሎ ፍሬም ይሆናል፤ በሰከንድ 25 የነበረው 50 ይሆንና ሩጫው ልክ እንደተቀዳው ይፈስሳል። ፍሬም ሬቱን (በሰከንድ የሚታየውን የፍሬም ብዛት) «እንደ ምንጩ» ማድረግ እንዳትረሺ፤ ስማቸው በ30 የሚያልቅ ፕሪሴቶች (ዝግጁ ቅንብሮች) ከ30 በላይ ስለማያሳልፉ ያገኘሽውን መልሰው ይቆርጡብሻል።

ይህን ደጋግሜ የምለው በራሴ ስለደረሰ ነው። የቤተሰባችንን ቪዲዮ ሳላውቅበት፣ ዲኢንተርሌስ ሳላደርግ፣ የምስሉንም ስፋት አሳንሼ ቀየርኩት። ሲያንስ የሁለቱ ቅጽበት መስመሮች እርስ በርሳቸው ተቀላቀሉ። እናቴ ሰላም ለማለት እጇን ስታነሳ ጣቶቿ አሥር ሆነው ይታያሉ። የተቀላቀለውን መልሶ የሚለይ ማጣሪያ የለም፤ ዲስኩ ደግሞ በኋላ ተጭሮ አልነበብ አለ። ዲስኩን አትጣሉ የምለው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ እንግዲያው ዲኢንተርሌስን ለሁሉም ዲስክ ላብራው?

መልስ፦ የለም! በኤንቲኤስሲ (በአሜሪካና በጃፓን የቴሌቪዥን ሥርዓት) የወጣ ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም ተቀርጾ ወደ 29.97 የተዘረጋ ነው። ፍሬም በፍሬም እየገፋችሁ ቁጠሩ፤ ሦስት ንጹህ፣ ሁለት የተሰነጣጠቀ እየሆነ ከተመላለሰ ቴሌሲን የሚባለው ይህ መዘርጋት ነው። እሱን «ዲቴሌሲን» ወደ 23.976 ይመልሰዋል። ዲኢንተርሌስ ብታደርጉት ግን የተደጋገሙት ፍሬሞች እዚያው ይቀሩና እንቅስቃሴው ይንገጫገጫል።

ጥያቄ፦ ፋይሉ በጣም ትልቅ ሆነብኝ፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ስንት ሰዓት ቪዲዮ ነው? ጥራቱ ስንት ላይ ነው? ካልነገርከኝ ምን ብዬ ልመልስልህ?

ሌላ አባል፦ ቋሚ ጥራቱን ተውና በሁለት ዙር አማካይ ቢትሬት (በሰከንድ የሚመደብ የዳታ መጠን) ስጠው። መጠኑን ቀድመህ ታውቀዋለህ።

ሦስተኛ አባል፦ መጠን ቀድሞ ማወቅ ምን ይረባል? ጸጥ ያለ ትዕይንትና ጭፈራ እኩል ቢትሬት አይፈልጉም።

ሌላ አባል፦ ሁለተኛው ዙር እኮ የሚያከፋፍለው ለዚያ ነው። ደግሞ አዲሱ ማመቂያ ኤች.265 እያለ ስለ ኤች.264 ምን ያከራክራል?

ሦስተኛ አባል፦ የቆየ ማጫወቻ ያለው ሰው በምን ሊያየው?

መልስ፦ ወንድሞቼ፣ ይብቃ። ፋይሉ ከተወሰነ ቦታ ማለፍ ከሌለበት ሁለት ዙር፤ አለዚያ ቋሚ ጥራት። ማጫወቻው ኤች.265 ካነበበ ተጠቀሙበት። የተሰነጣጠቀውን ምስል ግን ሁለቱም አያድኑትም።

ጥያቄ፦ ሰዎቹ ሁሉ ቀጥነው ረዝመው ወጡብኝ።

መልስ፦ ሰፊ ስክሪን ዲቪዲም 720 በ576 ሆኖ ተጨምቆ ነው የሚቀመጠው፤ ሲታይ ወደ 1024 በ576 መዘርጋት አለበት። አናሞርፊክ የሚለውን ቅንብር «አውቶማቲክ» አድርገው።

ጥያቄ፦ ሰብታይትሉ በኤምፒ4 ፋይል አንድ ብቻ ሆነብኝ።

መልስ፦ የዲቪዲ ሰብታይትል ጽሑፍ ሳይሆን ሥዕል ነው። ሁሉንም ከፈለግህ ኤምኬቪ የሚባለውን የፋይል ዓይነት ተጠቀም።

ጥያቄ፦ ወደ 4ኬ ባሳድገው አይጠራም?

መልስ፦ ዲስኩ ላይ የሌለ ነገር አይመጣም።

ጥያቄ፦ የተቆለፈ ዲስክስ እንዴት ይከፈታል?

መልስ፦ እሱ የየአገሩ ሕግ ጉዳይ ነው፣ አልገባበትም።

ጥያቄ፦ ጥራቱን ስንት ላይ ነው የሚሻለው?

መልስ፦ ከላይ የመጀመሪያው ጥያቄ ነው። እባካችሁ አንብቡ።

ጥያቄ፦ የልደቱ ቪዲዮ ባለቤት ነኝ። ቦብ አድርጌ አንድ ደቂቃ ሞከርኩ። መስመሩ ጠፋ፤ አሁን ግን ልጆቹ ሲሮጡ ወደ ፊት ወደ ኋላ እየዘለሉ ይንቀጠቀጣሉ።

መልስ፦ አንዱን ደቂቃ መሞከርሽ ጎበዝ! የመስመሮቹ ቅደም ተከተል ተገልብጦ ነው። ዲቪ የሚባለው የፓል ዲጂታል ካሴት ካሜራ ከታችኛው ፊልድ (ከታችኛው ግማሽ መስመሮች) ይጀምራል፤ ወደ ዲስክ ሲገለበጥ ግን አንዳንዴ ከላይኛው ይጀምራል ተብሎ በስህተት ይመዘገባል። የዲኮምብን ቅንብር በእጅ ወደሚሞላው ቀይሪና ቅደም ተከተሉን የሚወስነውን «ፓሪቲ» 1 አድርጊው። ከዚያ ያንኑ ደቂቃ እንደገና ሞክሪ፣ ሌላ ቦታ አትምረጪ።

ጥያቄ፦ መንቀጥቀጡ ቆመ። ትንሹ ልጄ ፊኛውን ይዞ ሲዞር ክሩ እንኳ ይታያል።

መልስ፦ በይ ሙሉውን ቀይሪ። ዲስኩን አትጣዪ።