ዋችመን፦ ፊልሙን ያየ ሰው ኮሚኩን ቢዘለው ምን ይቀርበታል?

ኮሚኩን፣ ማለትም በስዕል የተተረከውን የልዕለ ጀግኖች መጽሐፍ፣ አትዝለለው። ፊልሙን ስላየሁ በቀጥታ ወደ ኤችቢኦ የቴሌቪዥን ጣቢያው ድራማ ልግባ ወይ ላልከው፣ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ድራማ የሚቀጥለው ከኮሚኩ እንጂ ከፊልሙ አይደለም። የሁለቱ መጨረሻ ደግሞ ይለያያል። ምን እንደሚሆን አልነግርህም፤ ግን ድራማው ላይ ከሰማይ የሚዘንበውን ነገር ስታይ ፊልሙ ምንም አያስረዳህም።

እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የዛክ ስናይደር ፊልም መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ብዙው ትዕይንት ቁርጥ የኮሚኩን ሰዓሊ የዴቭ ጊበንስን ስዕል ነው፤ መክፈቻው ብቻውን አንጀት ያርሳል። ችግሩ ድብድቡ ላይ ነው። የኮሚኩ ደራሲ አለን ሙር የጻፋቸው ጀግኖች የደከሙ፣ ጊዜ ያለፈባቸው፣ እንዲያውም የሚያሳዝኑ ሰዎች ናቸው። ፊልሙ ግን አጥንት ሲሰብሩ በዝግታ እያሳየ ያሳምራቸዋል። ታሪኩ የሚተቸውን ነገር ያደንቀዋል ማለት ነው። ብዙ አድናቂ በተቀየረው መጨረሻ ይናደዳል፤ እኔን የሚያበሽቀኝ ግን ይሄ የድብድቡ ነገር ነው።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ። ከኮሚኩ 12 ምዕራፎች ከመጨረሻው በቀር ሁሉም ሲያልቁ በጽሑፍ የተሞሉ ገጾች አሏቸው። ኮሚኩን አውሼው «አልገባኝም» ብሎ የመለሰልኝ ሰው ሁሉ እነሱን የዘለለ ነው።