መልስ፦ አዲሶቹን የሳተርን ጨረቃዎች ማየት ይቻላል?

ሰላም ወዳጄ። «128ቱን አዳዲስ የሳተርን ጨረቃዎች በ10 በ50 ባይኖኩላር (10 እጥፍ በሚያጎላ፣ የፊት ሌንሱ 50 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው) አያቸዋለሁ ወይ?» ላልከው፣ አይ፣ አታያቸውም። በአውሮፓውያኑ መጋቢት 2025 ጸድቀው ቁጥሩን 274 ያደረሱት እነዚህ ጨረቃዎች፣ አብዛኞቹ ጥቂት ኪሎ ሜትር ስፋት ያላቸው ድንጋዮች ናቸው። ሃዋይ፣ ማውና ኬያ ተራራ ላይ ባለው ትልቅ ቴሌስኮፕ እንኳ የተገኙት ብዙ ምስል እየተደራረበ ነው። የሳተርንን ትልቋን ጨረቃ ታይታንን ግን በትንሽ ቴሌስኮፕም ታያታለህ። የሳተርን ቀለበት ደግሞ 25 እጥፍ ገደማ ማጉላት ይፈልጋል።

ባለህ ባይኖኩላር ጁፒተርን ሞክር! አራቱ ትልልቅ ጨረቃዎቹ ግራና ቀኙ ተሰልፈው ይታያሉ፤ አንዳንዴ አንዷ ከኋላው ትደበቃለች። እጅህ ከተንቀጠቀጠ ክርንህን የመኪና ጣሪያ ላይ አሳርፍ። በማግስቱ ስታይ ቦታ ቀያይረው ታገኛቸዋለህ። ለእኔ ይሄ ከስንቱ አዲስ ዜና ይበልጥብኛል። በክረምት ግን ደመናው አያስወጣህም፤ ጥቅምትን ጠብቅ።