ያረጀ የብር ሳንቲም በትንሽ ገንዘብ፦ ከሽልንግ ጀምሪ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን አሳጥሬ ልድገመው። የአያትሽ አንገት ላይ የነበረ አንድ ጠገራ ብር ደረሰሽ። ከዚያ ወዲህ ያረጀ የብር ሳንቲም ባየሽ ቁጥር ዓይንሽ አልነሳ አለ። ለንግድ ሳይሆን ለራስሽ ጥቂት መግዛት ፈልገሻል፤ ገንዘብሽ ትንሽ ነው፤ መሸወድ አትፈልጊም። አሜሪካ ላለው ወንድምሽም አንድ ሁለት ለመላክ አስበሻል።

እኔ ባለሙያ አይደለሁም። አሥራ አንድ ዓመት ያህል በትርፍ ሰዓቴ ስገዛ፣ ስሸወድ፣ እንደገና ስገዛ የቆየሁ ሰው ነኝ። የምነግርሽም ከዚያው ነው።

ሰው ሁሉ በጠገራ ይጀምራል። እኔ ግን በሽልንግ ጀምሪ እላለሁ። የጃንሆይን የብር 50 ሳንቲም ማለቴ ነው፤ እናቶቻችን "ሽልንግ" የሚሉትን። ሐምሌ 1937 አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ሥራ ላይ ሲውል አብሮ የወጣ ነው። የተሠራው አሜሪካ፣ ፊላደልፊያ ነው። በአንድ በኩል የንጉሡ መልክ፣ በሌላው አንበሳው አለ። ዓመቱ በግዕዝ ቁጥር ፲፱፻፴፮ ይላል። ክብደቱ 7 ግራም ገደማ ነው። መጀመሪያ የተመታው 80 በመቶ ንጹሕ ብር ነበር፤ በኋላ የመጣው 70 በመቶ ሆነ። ሁለቱም ላይ ያው 1936 ስለተጻፈ በዓይን አይለዩም። "ይሄ የመጀመሪያው ነው" ብሎ የሚያስጨምርሽ ሻጭ ካጋጠመሽ ፈገግ ብለሽ እለፊው።

ሽልንግን የምመርጠው በብዛት ስላለ ነው። ብዙ ያለውን ነገር ማንም አይለፋበትም፤ ፎርጅዱም ጥቂት ነው። ግን አንዲት የድሮ ብልጠት አለች። የመዳቡ 25 ሳንቲም መጀመሪያ ሲወጣ ዙሪያው ልሙጥ ነበር፤ መጠኑም ከሽልንጉ ጋር ይቀራረባል። ብልጦች ነጭ እየቀቡ እንደ ሽልንግ ያሳልፉት ጀመር። ስሙኒ ጠርዙ እንደ አበባ የተቆረጠው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ጠርዙ ላይ ቀይ የሚመስል ነገር ብቅ ካለ አሥር ጊዜ እዪው።

ቀጥሎ የምኒልክ ግርሽ ነው። የብር አንድ ሃያኛ፣ 1.4 ግራም ብቻ። ጥፍር የምታህል ነገር! ፓሪስ ነው የተሠራችው። በብዛት የምታገኚው 1895 የሚለውን ነው፤ ቁጥሩ ፲፰፻፺፭ ተብሎ ተጽፏል። ውስጧ ያለው ንጹሕ ብር 1.2 ግራም እንኳ ስለማይሞላ በብረቷ ዋጋ ማንም ሊያስፈራራሽ አይችልም። የእኔ የመጀመሪያዋ ግርሽ ከመልበሷ የተነሳ የአንበሳው ፊት ጠፍቷል፤ ጅራቱ ብቻ ነው የቀረው። ከሁሉም የምወዳት እሷን ነው። ስንት ሰው እጅ ውስጥ ብትገባ ነው እንደዚያ የለሰለሰችው!

ወደ ጠገራው ልምጣ፤ የአያትሽ ነገር ነውና። ጠገራ ላይ ያለችው ሴት የኦስትሪያዋ እቴጌ ማሪያ ቴሬዛ ናት፤ አጠገቧ 1780 የሚል ታያለሽ፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ሻጩ ያንን እያሳየ "ሁለት መቶ አርባ ዓመት የሞላው ነው" ይልሻል። እንዳትሰሚው። 1780 እቴጌይቱ የሞተችበት ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ የተመቱት ሁሉ ያንኑ ዓመት እንደያዙ ቀርተዋል። ቪየና ብቻ አይደለም፤ ሮም፣ ለንደን፣ ፓሪስ፣ ብራስልስ፣ ቦምቤይም ተሠርቷል። ጣሊያን በ1935 እ.ኤ.አ. አገራችንን ሊወር ሲነሳ የሳንቲሙን ማተሚያ ቅርጽ ከኦስትሪያ ወስዶ ሮም ላይ ያትም ነበር። የኦስትሪያ የሳንቲም ማተሚያ ቤት ዛሬም እያዘጋጀ ይሸጣል። ስለዚህ የሚያብለጨልጭ ጠገራ ሐሰተኛ ላይሆን ይችላል፤ ግን ያረጀም አይደለም። ለዓመቱ ብለሽ ሳንቲም አትጨምሪ።

ታዲያ ስንት ይከፈላል? እኔ ሁልጊዜ ከክብደት እነሳለሁ። ጠገራ 28 ግራም ነው፤ ከመቶ 83.3 እጁ ንጹሕ ብር ነው። በግምት 23.4 ግራም ማለት ነው። የዕለቱን የብር ዋጋ ስልክሽ ላይ እዪ። በወቄት (በፈረንጆቹ አውንስ) ከሆነ የሚያሳይሽ ለ31.1 አካፍይው፤ የግራሙን ታገኛለሽ። በ23.4 ስታባዢው ጠገራው ቀልጦ ቢሸጥ የሚያወጣውን ታውቂያለሽ። ከዚያ በላይ የምትጨምሪው ለውበቱና ለታሪኩ ነው፤ ያንን ራስሽ ወስኚ። (ብርን በብር ስንገዛ ቋንቋችን ራሱ ያደናግራል። አንድ ጊዜ ነጋዴውን "ብሩ ስንት ብር ነው?" ብዬው ሁለታችንም ሳቅን፤ ዋጋውን ግን አልቀነሰልኝም።)

ለትንሽ በጀት የእኔ ምስጢር የተበሳ ወይም ማንጠልጠያ የተበየደበት ጠገራ ነው። ሰብሳቢዎች "ተበላሽቷል" ብለው ይንቁታል። ስለዚህ ይረክሳል። ለእኔ ግን ያ ቀዳዳ የአንዲት ሴት አንገት ነው። የአያትሽም እንደዚያ ከሆነ ማንጠልጠያውን እንዳታስነቅዪው፤ አደራ። ሲመዘን ብቻ ብየዳው ክብደት እንደሚጨምር አስታውሺ።

አሁን ስለ መሸወድ። ከስምንት ዓመት በፊት የምኒልክን ብር፣ ትልቁን፣ ፲፰፻፹፯ የሚለውን፣ ከአንድ የቅርሳ ቅርስ ሱቅ ገዛሁ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ሻጩ በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ሲሰጠኝ ሥርዓቱ ራሱ አሳመነኝ። ቤት ገብቼ የባለቤቴ የኬክ ሚዛን ላይ ሳስቀምጠው 21 አለ። አንስቼ መለስኩት። 21። ትክክለኛው 28 ነው። ከዚያ ዓይኔ ተከፈተ፤ የአንበሳው ጠጉር የቀለጠ ሻማ ይመስላል፣ ፊደሎቹ ጫፋቸው ዱልዱም ነው፣ ጠርዙን ዞሬ ስዳብሰው ሁለት ግማሽ የተገናኘበት መስመር ጥፍሬን ያዘው። በቅርጽ የፈሰሰ ነገር ነበር። ስመለስ ሰውየው አላስታውስህም አለኝ። ዛሬ ጠረጴዛዬ ላይ ወረቀት እንዳይበር ይይዛል።

ከዚያ ወዲህ ትንሿን የወርቅ ሚዛን ኪሴ ውስጥ ሳልይዝ አልወጣም። ሻጩ ፊት አውጥተሽ መዝኚ፤ ነውር የለውም። ደህና ነጋዴ አይቆጣም። ጠገራ ከሆነ ጠርዙን በጎን አዙረሽ እዪ፤ በላቲን "ፍትሕና ምሕረት" የሚል ጽሑፍ ከነጌጡ ጎልቶ መታየት አለበት። ጠርዙ ባዶ ወይም የታሸ ከሆነ ተይው። የዱሮ ሰዎችም ዘውዷና ደረቷ ላይ ያሉትን ዕንቁዎች በጣታቸው እየቆጠሩ ነበር የሚቀበሉት፤ ሞኞች አልነበሩም። ማግኔት የሚይዘው ከሆነ ብር አይደለም። ማግኔት አልያዘውም ማለት ግን ብር ነው ማለት አይደለም፤ ናስንም አይዝም።

ክብደቱ 28 ሆኖም ከተጠራጠርሽ ቤት ውስጥ የሚሠራ ፈተና አለ። ሚዛኑ ላይ ውኃ ያለበት ብርጭቆ አስቀምጪና ወደ ዜሮ መልሺው። ጠገራውን በቀጭን ክር አስረሽ ውኃው ውስጥ አንጠልጥዪው፤ ሙሉ በሙሉ ይጥለቅ፣ ታችና ጎኑን ግን አይንካ። ሚዛኑ 2.7 ወይም 2.8 አካባቢ ካሳየ ደግ ነው። ከ3 ካለፈ ናስ ወይም ሌላ ቀላል ብረት ነው።

የት? መርካቶ ምናለሽ ተራ፣ ቸርችል ጎዳና ያሉ የቅርሳ ቅርስ ሱቆች፣ የብር ጌጥ የሚሠሩ አንጥረኞች። እኔ አንጥረኞቹን እመርጣለሁ። ድሮም መስቀሉንና አምባሩን የሚሠሩት ጠገራ እያቀለጡ ነበር፤ ሊያቀልጡት ከያዙት ላይ ሲሸጡልሽ በክብደት ነው። ብር እየተወደደ ስለመጣ ግን አሁን ብዙ አያስቀሩም። ዕድሜ የጠገቡ ዘመዶችሽንም ጠይቂ፤ ስንት ሽልንግ ነው ሳጥን ውስጥ የተኛው!

የአክሱም ዘመን ብር ነው ብሎ የሚያሳይሽ ካለ አትንኪው። እውነት ከሆነ የአገር ቅርስ ነው፤ ውሸት ከሆነ ፎርጅድ ነው።

ወደ ወንድምሽ መላኩን ተይው። በቅርስ አዋጁ፣ በቁጥር 209/1992፣ የብር ሳንቲም ከተንቀሳቃሽ ቅርስ ይመደባል። ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። ካስፈለገ መጀመሪያ የቅርስ ባለሥልጣንን ጠይቂ። ለእሱ እዚያው ቀላል መንገድ አለለት። ከ1965 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠሩ የአሜሪካ ዳይምና ኳርተሮች (የ10 እና የ25 ሳንቲሞቹ) 90 በመቶ ብር ናቸው። ዳይሙ 2.5፣ ኳርተሩ 6.25 ግራም ነው። የሳንቲም ሱቆች በክብደታቸው ይሸጧቸዋል፤ ለጀማሪ ከዚያ የሚሻል አላውቅም።

አንድ የመጨረሻ ነገር፣ እባክሽ ሳንቲሞቹን አታጥቢ። እኔ አንዱን ሽልንግ በጥርስ ሳሙና አሽቼ አንጸባረቅሁት። ሲያዩት ያምራል፤ ጠጋ ብለው ሲያዩት ግን በመቧጠጥ ብዛት የጃንሆይ ጉንጭ ጭረት ብቻ ነው። ጥቁረቱ አይጎዳውም። በወረቀት ፖስታ ለየብቻ አስቀምጫቸው፤ ለስላሳ ፕላስቲክ ውስጥ ከቆዩ አረንጓዴ ነገር ያወጣሉ።

የአያትሽን ጠገራ ፎቶ እስቲ ለጥፊልን። ፊትና ጀርባውን ብቻ ሳይሆን ጠርዙንም በጎን አንሺው፤ ማንጠልጠያው ካለም እሱን።