«በእግዚአብሔር ቤት ላይ ሒሳብ አታብዛ» ለሚሉኝ ምን ልመልስ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎ። የምኖረው እዚሁ ጅማ ነው። ሲቪል መሐንዲስ ነኝ፤ የተማርኩትም በጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ግቢ፣ ቂጦ ፉርዲሳ ነው። ተማሪ ሳለን ወደ ኅብረተሰቡ እየወጣን ነበር የምንማረው፤ ያ ልማድ እስካሁን አልለቀቀኝም። ከሰኞ እስከ ዓርብ ለእንጀራዬ እሠራለሁ። ቅዳሜና እሑድ ግን ከጓደኞቼ ጋር ገጠር እወጣለሁ። ምንጭ እናጎለብታለን፣ የእግረኛ ድልድይ እንሠራለን፣ የትምህርት ቤት ጣሪያ እንጠግናለን። ሳንቲም አንቀበልም። ነገር ግን እሑድ ካስቀደስኩ ሁለት ዓመት አልፎኛል። ከቆረብኩማ ቆይቻለሁ። «አገልግሎቴ በቅዳሴው ፈንታ ይቆጠርልኛል» እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ። ይቆጠርልኛል?

ሁለተኛ፣ የአጥቢያችንን አዲስ ሕንፃ ቤተ ክርስቲያን ሥራ በነፃ እንድቆጣጠር ጠይቀውኝ በደስታ ተቀብዬ ነበር። ገንዘብ ሲያጥር ግን «የመሠረቱ ጥልቀት ይቀነስ፣ ብረቱም ይሳሳ፣ አንተ ብቻ ፈርምልን» አሉኝ። እምቢ ስል አንድ አባት «በእግዚአብሔር ቤት ላይ ሒሳብ አታብዛ። ላሊበላን የትኛው ኢንጂነር ፈረመለት?» አሉ። ስብሰባው ሁሉ ሳቀ። እኔ እንቅልፍ አጣሁ። እምነት ጎድሎኝ ይሆን?

ሦስተኛ፣ በመደበኛ ሥራዬ የምቆጣጠረው አንድ ሥራ ተቋራጭ ፖስታ ሰጠኝ። ልመልስለት ስል «ለራስህ ካልፈለግህ ለቤተ ክርስቲያኑ ማሠሪያ አስገባው» አለኝ። ፖስታው መሳቢያዬ ውስጥ ነው። በመጨረሻ፣ ምንጭ የምንሠራላቸው ሰዎች አብዛኞቹ ሙስሊሞች ናቸው። አንዳንድ የማኅበር ወንድሞቼ «መጀመሪያ ለራስህ ቤት» ይሉኛል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከሁለተኛው ልጀምር። እንቅልፍ የነሣህ እሱ ነውና።

እምነት አልጎደለህም። ይልቁንም በዚያ ስብሰባ ላይ ስለ እግዚአብሔር ቤት ከልቡ የፈራው አንተ ብቻ ሳትሆን አትቀርም። ኮሚቴውንም ግን አልፈርድበትም። ገንዘብ ሲያጥር ሰው ምን እንደሚናገር አውቃለሁ። እኔም ተናግሬያለሁና።

ከዓመታት በፊት ባገለገልኩበት አንድ አጥቢያ እኔም ሕንፃ አሠሪ ኮሚቴ ውስጥ ነበርኩ። ቦታው ሜዳ ነው፤ አፈሩ መረሬ። አንድ ወጣት ባለሙያ መጥቶ «ይህ አፈር ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። መጀመሪያ ይመርመር፣ ካስፈለገም ተቆፍሮ ይውጣና በሌላ ይሞላ» አለን። እውነቱን ለመናገር ከወጪው ይልቅ ልጅ እግር መሆኑ ነው የከበደን። «ታቦቱ ይጠብቀዋል» ብዬ ወሬውን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ሰው አጨበጨበልኝ። በሦስተኛው ክረምት ከመስኮቱ ጥግ ተነሥቶ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ወደ ላይ ወጣ። በሩ አልዘጋ አለ። ግድግዳው በብዙ ወጪ ተጠገነ። ያ ልጅ ግን ከዚያ ወዲህ ወደ አጥቢያችን ሲመጣ አላየሁትም። እሱን የሚጠግን ሲሚንቶ አላገኘሁም።

ስለዚህ አሁን የምነግርህን ለራሴም እየነገርኩ ነው።

ሰይጣን ጌታችንን ወደ ቤተ መቅደስ ጫፍ አውጥቶ ምን እንዳለው ታስታውሳለህ። «ራስህን ወደ ታች ወርውር፤ መላእክት ያነሡሃል» ነው ያለው። ጥቅስም ጠቅሷል! ከመዝሙረ ዳዊት ነው የጠቀሰው። የጌታ መልስ ደግሞ «ጌታ አምላክህን አትፈታተነው» የሚል ነው (ማቴ 4፥7)። ቀጭን ብረት አስገብቶ «መላእክት ይሸከሙታል» ማለት ከዚያ ጫፍ ላይ ከመዝለል በምን ይለያል? ያውም እዚህ የሚዘለው በራሱ አይደለም። ከሥር በሚያስቀድሱት እናቶችና ሕፃናት ላይ ነው።

መጽሐፍ ቅዱስ ሒሳብ አይጠላም። ለኖኅ የተነገረው «መርከብ ሥራ» ብቻ አይደለም። ርዝመቱ 300፣ ወርዱ 50፣ ቁመቱ 30 ክንድ ተብሎ ነው (ዘፍ 6፥15)። ጌታ ራሱ ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ኪሣራውን እንዲቆጥር አስተምሯል (ሉቃ 14፥28)። ተቀምጦ ነው የሚለው። አንተ ቢሮህ ተቀምጠህ የምታደርገው ይህንኑ አይደል? በሰሊሆም ግንቡ ወድቆ 18 ሰዎች እንደገደለ ሲነሣም ጌታችን የሞቱት ከሌሎቹ የባሱ ኃጢአተኞች እንዳልነበሩ ተናግሯል (ሉቃ 13፥4)። ሕንፃ ሲወድቅ ኃጢአተኛ መርጦ አይወድቅም።

ከሁሉ ይልቅ ለአንተ ሙያ የተጻፈ የሚመስለኝ ግን ዘዳግም 22፥8 ነው። አዲስ ቤት ስትሠራ ሰው እንዳይወድቅ በጣራው ዙሪያ መከታ አድርግ ይላል። ካላደረግህ በቤትህ ላይ ደም ታመጣለህ። አስበው፤ የጣራ መከታ በኦሪት ሕግ ውስጥ ገብቶ ትእዛዝ ሆኗል። ይህን ጥቅስ በስብከት ላይ ሲነገር ሰምቼ አላውቅም። እኔም ሰብኬው አላውቅም፤ ጥፋቱ የእኛ የመምህራኑ ነው።

ላሊበላ ለተባለው። ቅዱሱን ንጉሥ መላእክት እንዳገዙት ገድሉ ይነግረናል፤ እናምናለን። ነገር ግን ወደዚያ ሄዶ 11ዱን አብያተ ክርስቲያናት የተሳለመ ሰው አንገቱን ወደ ላይ ብቻ ሳይሆን ወደ እግሩም ሥር ይመልከት። ከዓለቱ የተፈለፈለ የውኃ መውረጃ ቦይ ያያል። የክረምቱ ዝናብ ወደ ጉድጓዱ ገብቶ ሕንፃውን እንዳይበላው ታስቦበት የተሠራ ነው። መላእክት ያገዙት ሰው እንኳ ፍሳሹን አልዘነጋም። ለእነዚያ አባት በትሕትና ይህን ንገራቸው። በጉባኤ ፊት ግን አይሁን፤ ለብቻቸው፣ ቡና እየጠጣችሁ። አባት በሰው ፊት ሲታረም ይጠነክራል እንጂ አይመለስም።

ፊርማህ ደግሞ ምስክርነት ነው። «ይህ ሕንፃ ይቆማል» ብለህ በስምህ እየመሰከርክ ነው። እንደማይቆም እያወቅህ ከፈረምክ «በሐሰት አትመስክር» የሚለውን ነው የምታፈርሰው። በነፃ መሥራትህ ይህንን አይለውጠውም። ነፃ አገልግሎት የግዴለሽነት ፈቃድ አይደለም።

እምቢ ብለህ ብቻ ግን አትውጣ። መንገድ አሳያቸው። የእኛ ሰው መሠረት ላይ ቆጥቦ ጉልላትና እብነ በረድ ላይ ያፈሳል፤ መሠረት አይታይማ! ሥራው በየደረጃው ይከፈል በላቸው። ዘንድሮ መሠረቱና ኮለኑ ሙሉ ሆኖ ይውጣ። ጌጡ ይቆይ። ወይም የሕንፃው ስፋት ይቀነስ። ሰሎሞን ለቤተ መቅደሱ መሠረት ታላላቅና ከበሩ ድንጋዮችን አስጠርቦ ነበር (1ነገ 5፥17)። ሰባት ዓመትም ፈጅቶበታል። በጽሑፍ አድርገህ ስጣቸው፤ ቅጂ ያዝ። እንደዚያም ሆኖ እምቢ ካሉ ከኃላፊነቱ በክብር ውጣ፤ ለሀገረ ስብከቱም አሳውቅ። ይህ ክስ አይደለም።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄህ።

ይቆጠርልሃል? አዎ። «ተጠምቼ አጠጣችሁኝ» ያለው ጌታ 20 ሊትር ጀሪካን በጀርባዋ ተሸክማ ዳገት የምትወጣውን እናት ያያል። ለእሷ መንገዱን ያሳጠረ ሰው ዋጋ አያጣም። እኔን ያሳሰበኝ «ፈንታ» የምትለዋ ቃል ናት። ምጽዋት በጸሎት ፈንታ፣ ሥራ በቅዳሴ ፈንታ... ይህ የሱቅ ቋንቋ ነው። ስኳር ሲጠፋ ማር እንደምንወስደው ያለ። ቅዱስ ቁርባን ግን ምትክ የለውም። «ሥጋውን ካልበላችሁ ደሙንም ካልጠጣችሁ በራሳችሁ ሕይወት የላችሁም» ተብሏል (ዮሐ 6፥53)።

ሰዎች በዚህ ነገር ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅን መጥቀስ ይወዳሉ። የክርስቶስን ሥጋ ልታከብር ትወዳለህን? እንግዲያስ ራቁቱን ሲሆን አትናቀው፤ በቤተ ክርስቲያን በሐር አክብረህ በውጭ በብርድ አትተወው ብሏልና። እውነት ነው፣ ብሏል። ግን ለማን ነው ያለው? ቅዳሴ ለሚመጡት፣ ከመሠዊያው ለሚቀርቡት ምእመናን። ከመሠዊያው ወደ ድሃው ሂዱ አላቸው እንጂ መሠዊያውን ትታችሁ ሂዱ አላላቸውም።

በሙያህ ልንገርህ። ከባለሙያዎች የሰማሁት ነው፤ ከተሳሳትኩ አርመኝ። አርማታ ከተሞላ በኋላ ቢያንስ ሰባት ቀን ውኃ ይጠጣል። ጥንካሬውም በ28 ቀን ይለካል። ውኃ ያልጠጣው ላዩን ሲያዩት ያው ጠንካራ ነው። ሲጫኑት ግን ይታወቃል። አንተም ሁለት ዓመት ውኃ አልጠጣህም። እስካሁን ላይህ ደኅና ነው። ነገር ግን በደብዳቤህ ውስጥ ድካም አንብቤያለሁ። «ሳንቲም አንቀበልም» የምትለዋም ትንሽ አጠራጠረችኝ። ማንም ሳይጠይቅህ ነው የጻፍካት። አይዞህ፣ ሁላችንም ጋ አለች።

የሐዋርያው ቶማስን ታሪክ አንብብ፤ ስንክሳሩ ላይ ግንቦት 26 ነው። ሐናጺ ነኝ፣ ጠራቢ ነኝ፣ ባለ መድኃኒት ነኝ ብሎ ለሕንፃ ሥራ ተገዝቶ ሄደ። ጌታው ሲመለስ አንድም የታነጸ ቤት የለም። «የታል ሥራህ?» ሲለው፣ ያነጽኳቸው አዳራሾች የክብር ንጉሥ ያደረባቸው ነፍሳት ናቸው አለው። ከዚያ መልስ በኋላ ምን መከራ እንደደረሰበት ታውቃለህ። ታሪኩን ያነሣሁት ድንጋዩን ተው ለማለት አይደለም። ከሕንፃዎቹ ሁሉ መካከል አንዱ አንተ እንደሆንክ እንዳትረሳ ነው።

ታዲያ ምን ታድርግ? ይህ ከባድ አይደለም። በአብዛኛው አጥቢያ እሑድ ቅዳሴው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ ያልቃል። አስቀድስ፣ ከዚያ ውጣ። አርማታ ሙሌት ያለበትን ቀን ወደ ቅዳሜ አዙረው፤ እሑድ ለልኬትና ለስብሰባ ይሁን። በዐቢይ ጾም ደግሞ የአዘቦት ቀን ቅዳሴ ከቀትር በኋላ ስለሆነ ከሥራ ፈቃድ ጠይቀህ መድረስ ትችላለህ። ድንገት ጎርፍ ድልድይ ወስዶ ሰው ማዶ ከቀረ ግን ሂድ፤ እሑድም ቢሆን። በሰንበት ጉድጓድ የገባ በሬ እንኳ ይወጣል ተብሏል (ሉቃ 14፥5)። ነገር ግን በየሳምንቱ በሬ ጉድጓድ አይገባም፣ ወንድሜ። ስለ ቁርባኑ የንስሐ አባትህን በዚህ ሳምንት አግኛቸው። ቀጠሮ አትስጥ።

የፖስታው ነገር አጭር ነው። ዛሬውኑ መልስ፣ ምስክር ባለበት። «ለቤተ ክርስቲያን» ስለተባለ አይቀደስም። እግዚአብሔር የርኩሰት ዋጋ ወደ ቤቱ እንዳይመጣ አዟል (ዘዳ 23፥18)። መማለጃም የሚያዩትን ሰዎች ዓይን ያሳውራል (ዘጸ 23፥8)። ያ ሰው የሚፈልገው የአንተን ዓይን ነው፤ መቅደሱንማ መቼ አሰበው። አንተም መወላወልህን ለንስሐ አባትህ ንገራቸው።

«መጀመሪያ ለራስህ ቤት» ለሚሉህ ደግሞ፦ ሐዋርያው ለሰው ሁሉ መልካም እናድርግ፣ ይልቁንም ለሃይማኖት ቤተ ሰዎች ብሏል (ገላ 6፥10)። ሁለቱንም ነው ያለው። አንተም ሁለቱንም ይዘሃል፤ ቤተ ክርስቲያኑንም በነፃ እየተቆጣጠርክ አይደል? እግዚአብሔር ዝናቡን ሲያዘንብ የጅማን ሰፈር በሃይማኖት አይከፍልም። ጌታችን በያዕቆብ ጉድጓድ አጠገብ ውኃ አጠጪኝ ያለው ሳምራዊቷን ሴት ነው። በዚህች ከተማ ስንት ዘመን ከሙስሊም ጎረቤቶቻችን ጋር ቡና ተጠራርተን ጠጥተናል፤ በለቅሶ አብረን ተቀምጠናል። የገጠር ሽማግሌዎች ሲመርቁህ በአክብሮት ቁም። ምንጩ ከመንጻቱ በቀር ከማንም ምንም አትጠብቅ። አጥሩንና ከላይ ያለውን የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ግን እነሱው እንዲጠብቁት ኮሚቴ ይኑራቸው። አለበለዚያ ከብት ይገባበትና በዓመቱ ትመለሳለህ።

አንድ ነገር ልጨምር። ባለትዳር መሆንህን አልጻፍክም። ከሆንክ ግን ቅዳሜና እሑድ ሙሉ ከቤት የሚጠፋ ሰው ሚስት ምን እንደምትል መገመት አያቅተኝም። በወር አንድ ቅዳሜ የእሷ ይሁን።

በነገራችን ላይ የእኛ ግቢ የጠበል ቤት ጀርባ ላይ ያለው የውኃ ማጠራቀሚያ ከሥሩ ማንጠባጠብ ጀምሯል። ምእመናን በሲሚንቶ ብንለቀልቀውም እንቢ ብሏል። ጊዜ ስታገኝ ብቅ ብለህ ብታይልን ደስ ይለናል። ከቅዳሴ በኋላ ግን።