ከ40 ዶላር ስለማያልፍ ራይ ውስኪ፦ ለጠያቂያችን የተሰጠ መልስ

ጠያቂያችን ያነሷቸው ነገሮች ሦስት ናቸው፤ ከ40 ዶላር ሳያልፍ ብቻውንም የሚጠጣ፣ ማንሃተንና ኦልድ ፋሽንድ የሚባሉት ኮክቴሎችም የሚሠሩበት አንድ ጠርሙስ ራይ ውስኪ (ራይ ከሚባለው እህል የሚወጣ ውስኪ) የትኛው እንደሆነ፣ ብዙዎች የሚያመሰግኑት ቡሌት የተባለው ራይ ዋጋው ይገባዋል ወይ የሚለው፣ እና ወዳጃቸው «የካናዳውም ያው ራይ ነው፣ ደግሞም ይረክሳል» ማለቱ ትክክል መሆን አለመሆኑ። በዋሽንግተን አካባቢ ለብዙ ዓመታት በባርቴንደርነት ስለሠራሁ፣ በዚሁ ጉዳይም ገንዘብም ትዕግሥትም ስላወጣሁበት፣ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

አጭሩ መልስ ሪተንሃውስ የተባለው ራይ ነው። ይሁን እንጂ ሪተንሃውስ የሚመረጥበትን ምክንያት ካላወቁ፣ እሱ ከመደርደሪያው ያለቀ ዕለት ሻጩ ያቀበለዎትን ይዘው ወደ ቤት ይገባሉ፤ ስለዚህ ምክንያቱን ነው ማስረዳት የምፈልገው።

የእርስዎ ሁኔታ ከእኔ ብዙ የሚለይ አይመስለኝም። እስከ ዛሬ ቤትዎ ሲገባ የኖረው ብላክ ሌብል የተባለው ስኮች (የስኮትላንድ ውስኪ) ነው፤ እንግዳ ሲመጣ በበረዶ ይቀርባል፣ አጎቶች ደስ ይላቸዋል፣ ልጆቹ ግን ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር ኮክቴል ለምደው ስለመጡ «ማንሃተን የለም ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ። ሁለቱንም ወገን በአንድ ጠርሙስ ለማስተናገድ የሚከተሉትን ይመልከቱ።

1. ከሁሉ አስቀድሞ የሚታየው የአልኮሉ መጠን ነው። አንድ ማንሃተን 60 ሚሊ ሊትር ራይ፣ 30 ሚሊ ሊትር ጣፋጭ ቀይ ቬርሙት (በቅመም የተቀመመ ወይን) እና ሁለት ርጭት አንጎስቱራ ቢተርስ (መራራ የቅመም ጠብታ) ይገባበታል፤ በበረዶ ሲማሰል ደግሞ ወደ 25 ሚሊ ሊትር የሚጠጋ ውኃ ይጨመርበታል። ቬርሙቱ 16 በመቶ ገደማ አልኮል አለው ብለን ብናሰላ፣ ራዩ 50 በመቶ ሲሆን ብርጭቆው ውስጥ የሚደርሰው መጠጥ 30 በመቶ ገደማ ይሆናል፤ ራዩ 40 በመቶ ከሆነ ግን ወደ 25 ይወርዳል። ልዩነቱ በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል፤ በአፍ ላይ ግን በአንደኛው ራዩ ቬርሙቱን ይመራዋል፣ በሌላው ቬርሙቱ ራዩን ይውጠዋል። ብቻውን ለሚጠጣ ሰው 50 በመቶ ይከብዳል የሚሉ አሉ። 50 በመቶ የሆነውን በአንድ የሻይ ማንኪያ ውኃ ወይም በአንድ ትልቅ በረዶ ማለዘብ ይቻላል፤ 40 በመቶ የሆነውን ግን ማንም መልሶ ሊያጠነክረው አይችልም።

2. ሁለተኛው በመለያው ወረቀት ላይ ያሉት ሁለት ቃላት ናቸው። በአሜሪካ ሕግ ራይ ውስኪ ለመባል ከእህሉ ቢያንስ 51 በመቶው ራይ መሆን፣ ውስኪውም ውስጡ በእሳት በተለበለበ አዲስ የኦክ በርሜል መቀመጥ አለበት። «ስትሬት» የሚል ሲጨመርበት ቢያንስ ሁለት ዓመት በርሜል ውስጥ ቆይቷል፣ ቀለምም ጣዕምም አልተጨመረበትም ማለት ነው፤ ዕድሜው ከአራት ዓመት በታች ከሆነ ደግሞ ዓመቱ መጻፍ አለበት። «ቦትልድ ኢን ቦንድ» የሚለው ከእ.ኤ.አ. 1897 ጀምሮ ያለ ሕግ ሲሆን፣ ውስኪው ከአንድ ፋብሪካ፣ በአንድ ወቅት የወጣ፣ በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ባለ መጋዘን ቢያንስ አራት ዓመት የቆየና ልክ 50 በመቶ ሆኖ የታሸገ መሆኑን ያረጋግጣል። በ30 ዶላር ይህን ያህል ዋስትና የሚሰጥ ሌላ የመጠጥ ዓይነት በቀላሉ አይገኝም።

3. ካርቶን ከገዙ፣ ከሱቁ ሳይወጡ አስከፍተው እያንዳንዱን ጠርሙስ ይዩ። ይህን የምለው ለእህቴ ልጅ ምርቃት ከደረሰብኝ ተነሥቼ ነው። ስሙን ከማልጠቅሰው አንድ ሊከር ስቶር አንድ ካርቶን ዋይልድ ተርኪ 101 ራይ አዝዤ፣ ሙሉ ዋጋውን አስቀድሜ ከፍዬ፣ ቤት ድረስ ይላክልኝ ብዬ ተስማማሁ። የመጣው 81ዱ ነበር። ቁጥሮቹ ፕሩፍን፣ ማለትም የአልኮሉን በመቶኛ እጥፍ የሚያመለክቱ ስለሆኑ 101 ማለት 50 ነጥብ 5 በመቶ፣ 81 ማለት 40 ነጥብ 5 በመቶ ነው፤ ስማቸው አንድ፣ በወረቀቱ ላይ ያለችው የቱርክ ዶሮአቸው አንድ፣ መጠጡ ግን ሌላ። ደረሰኙን ይዤ፣ አንድም ጠርሙስ ሳልከፍት በዚያው ዕለት ተመለስኩ። ሥራ አስኪያጁ ደረሰኙን ለማንበብ እንኳ እጁን አልዘረጋም። «ራይ ራይ ነው፤ እንግዶችህ አይለዩትም» አለኝ። እንደሚለዩት ሳስረዳው ደግሞ ጣቱን ወደ ሌላው መደርደሪያ ቀስሮ «የእናንተ ሰዎች የሚገዙት ስኮች እዚያ ጋ ነው» አለ። በራይ የሚሠራውን ሳዘራክን የሉዊዚያና ሕግ አውጪዎች በ2008 የኒው ኦርሊንስ ይፋዊ ኮክቴል ብለው ከመሰየማቸው በፊት ለደንበኛ ስሠራ የነበርኩ ሰው ነኝ፤ ይህንን ለእሱ መንገር ግን ለራሴ ክብር የሚመጥን ሆኖ አልታየኝም። ከብዙ ክርክር በኋላ የዋጋውን ልዩነት ብቻ፣ እሱንም በገንዘብ ሳይሆን ከዚያው ሱቅ ብቻ በሚገዛበት ኩፖን መለሰልኝ። ኩፖኑ እስከ አሁን ኪሴ ውስጥ አለ፤ አልተጠቀምኩበትም፣ አልጠቀምበትምም።

የዚያን ቀን ማንሃተኑን ለማዳን ራዩን ወደ 75 ሚሊ ሊትር ከፍ፣ ቬርሙቱን ወደ 22 ዝቅ አደረግሁት። መጠጡ ተመሰገነ፤ ከሂውስተን የመጣ የባለቤቴ የአጎት ልጅ እስከ ዛሬ ያነሣዋል። ነገር ግን ከአንድ ባለ 750 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ይወጣ የነበረው 12 ማንሃተን ወደ 10 ወረደ፤ እና ርካሹ ራይ ውድ የሚሆነው እንዲህ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ባለው ሞንጎመሪ ካውንቲ ወይም ቨርጂኒያ የሚኖሩ ከሆነ ጠንካራ መጠጥ የሚሸጡት በካውንቲው ወይም በግዛቱ ሥር ያሉ መደብሮች ስለሆኑ ዋጋው ከመደብር መደብር አይለያይም፤ ከዲሲ የግል ሱቆች ሲገዙ ግን ለተመሳሳይ ጠርሙስ ሰፊ የዋጋ ልዩነት ያያሉና ደዋውለው ያጣሩ።

ወደ ጠርሙሶቹ ልመለስ። ሪተንሃውስ ቦትልድ ኢን ቦንድ ነው፤ ስሙ የፊላደልፊያ አደባባይ ስም ቢሆንም ዛሬ የሚያወጣው የኬንታኪው ሄቨን ሂል ነው። የራዩ ድርሻ 51 በመቶ፣ ማለትም ሕጉ ከሚፈቅደው ዝቅተኛው ሲሆን፣ ከቀረው ውስጥ የሚበዛው በቆሎ ስለሆነ ቀረፋና የብርቱካን ልጣጭ የሚመስል ቅመም ከጣፋጭነት ጋር ይሰጣል። ስኮች ለለመደ ሰው ከራይ ጋር ለመተዋወቅ ከዚህ የተሻለ በር አላውቅም፤ በማንሃተን ውስጥ ደግሞ ቬርሙቱ ምንም ያህል ቢጣፍጥ አይጠፋም። እኔ በምገዛበት አካባቢ ከ25 እስከ 30 ዶላር ባለው ውስጥ ይገኛል። እሱ ከጠፋ ያንን ዋይልድ ተርኪ 101 ይውሰዱ፤ ቁንዶ በርበሬው ጎላ ያለ፣ ደረቅ ያለ ነው፣ ብቻውን ሲጠጣ ትንሽ ይለበልባል፣ በኦልድ ፋሽንድ ግን ከሪተንሃውስ እኩል አስቀምጠዋለሁ።

ኦልድ ኦቨርሆልት ከ1810 ጀምሮ የሚቆጠር የፔንሲልቬኒያ ስም ነው፤ ዛሬ እሱም ከኬንታኪ ይመጣል። 43 በመቶ የሆነው 20 ዶላር ገደማ ያወጣል፤ ሎሚ በሚመራበት ውስኪ ሳወር ላይ ከበቂ በላይ ነው፣ ብቻውን ግን ይሳሳብኛል። የዚሁ ቦትልድ ኢን ቦንድ የሆነው ጥቂት ዶላር ተጨምሮበት ሲገኝ ይሻላል። ኦልድ ፎረስተር ራይ ብዙም አይወራለትም፤ 65 በመቶ ራይ፣ 20 በመቶ ብቅል ገብስ ሆኖ 50 በመቶ አልኮል ያለው ነው፤ በዚህ ዋጋ ብቻውን ለመጠጣት እኔ ራሴ የማስቀምጠው እሱን ነው። ፓይክስቪል ከወሰኑት ገንዘብ ያልፋል፣ ወደ 50 ዶላር ይጠጋል፤ ስድስት ዓመት የቆየ፣ 55 በመቶ የሆነ፣ የሪተንሃውስ የአንድ ቤት ልጅ ነው። ፓይክስቪል ባልቲሞር አጠገብ ያለች ከተማ በመሆኗ «የሜሪላንድ ውስኪ ገዛሁ» ብሎ የሚኮራ ሰው ቢያጋጥምዎ፣ ዛሬ የሚወጣው ኬንታኪ ውስጥ መሆኑን በጨዋነት ይንገሩት።

ቡሌትን በተመለከተ፣ መጥፎ ውስኪ አይደለም፤ ነገር ግን ለሁሉም የሚሆን አንድ ጠርሙስ አይደለም። 95 በመቶ ራይና 5 በመቶ ብቅል ገብስ ነው፤ አልኮሉ 45 በመቶ ነው፤ የሚወጣውም ኢንዲያና ውስጥ ነው። በቆሎ ስለሌለው ጣዕሙ ወደ ናናና ወደ እንስላል ያዘነብላል። ያንን የሚወድ ሰው በኦልድ ፋሽንድ ይደሰትበታል፤ አጎቶችዎ ግን የመድኃኒት ሽታ አለው እንደሚሉ ከወዲሁ እነግርዎታለሁ፣ የእኔዎቹ ብለዋልና። «ራዩ ካልበዛ እውነተኛ አይደለም» የሚለውን ወሬ አይቀበሉ። በቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ አጠገብ በማውንት ቨርነን ጆርጅ ዋሽንግተን ያቋቋመው ፋብሪካ በ1799 ወደ 11,000 ጋሎን የሚጠጋ ውስኪ ሲያወጣ የነበረው 60 በመቶ ራይ፣ 35 በመቶ በቆሎና 5 በመቶ ብቅል ገብስ ቀላቅሎ ነበር። እንደገና የተሠራው ፋብሪካ ለጎብኚ ክፍት ስለሆነ ከአገር ቤት የመጣ ዘመድ ሁሉ እወስዳለሁ፤ ከዋይት ሀውስ ፎቶ ይልቅ እሱ ደስ ያሰኛቸዋል።

ያው ባለ 95 በመቶ ራይ ከኢንዲያናው ፋብሪካ እየተገዛ በሌሎች ብዙ ስሞችም ይሸጣል። የአካባቢዎን ተራራ ወይም ወንዝ ስም የያዘ ባለ 60 ዶላር ጠርሙስ ካዩ ጀርባውን ገልብጠው ያንብቡ፤ ውስኪው የወጣው አድራሻው ከተጻፈበት ግዛት ውጭ ከሆነ፣ የወጣበት ግዛት በወረቀቱ ላይ እንዲገለጽ ሕጉ ያስገድዳል። ኢንዲያና ብሎ ካገኙት ወደ ቦታው ይመልሱትና 30 ዶላር በኪስዎ ይዘው ይሂዱ። ቬርሙቱን ደግሞ ከከፈቱት በኋላ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስቀምጡት፤ ወይን ነውና ውጭ ከቆየ ይበላሻል፣ ከዚያ በኋላ ማንሃተንዎ ለምን እንደጎመዘዘ ውስኪውን መክሰስ ይጀምራሉ።

የካናዳውን ጉዳይ በተመለከተ ወዳጅዎ ተሳስቷል። በካናዳ ሕግ «ካናዲያን ውስኪ» እና «ራይ ውስኪ» አንድ ነገር ናቸው፤ በትንሽ የእንጨት በርሜል ሦስት ዓመት መቆየት አለበት እንጂ ምን ያህል ራይ እንደሚገባበት ሕጉ አይወስንም፣ ካራሜልና የጣዕም ማጣፈጫ መጨመርም ይፈቅዳል። ስለዚህ ርካሹ «የካናዳ ራይ» አብዛኛው በቆሎ ሊሆን ይችላል። ይህ ማለት በካናዳ ጥሩ ራይ የለም ማለት አይደለም፤ ሎት 40 እና አልበርታ ፕሪሚየም ሙሉ በሙሉ ከራይ የሚወጡ ናቸው። ወዳጅዎ የሚለውን ዓይነት ግን ከገዙት በረጅም ብርጭቆ ከበረዶና ከዝንጅብል ሶዳ ጋር ያቅርቡት፤ ለዚያ ይሆናል፣ ማንሃተን ውስጥ ግን አያስገቡት።