የሽፈራው ሻይ፦ ለጠየቃችሁኝ

ፋርማሲስት ነኝ፤ ያደግሁትም አርባ ምንጭ፣ ሽፈራው (ሞሪንጋ) በየግቢው በሚበቅልበት ነው። እኛ ሀለኮ እንለዋለን።

ስኳር ያድናል ሲሏት እናቴ መድኃኒቷን አቁማ እሱን ብቻ ትጠጣለች።
ዛሬ ነገ ሳትዪ ሐኪሟ ጋ ውሰጃት፤ ስኳሯም ይለካ። ቅጠሉ ስኳርን በመጠኑ እንደሚያወርድ ያሳዩ ጥናቶች አሉ፤ አብዛኞቹ ግን በአይጥ ላይ የተሠሩ ናቸው፣ በሰው ላይ የተሞከሩትም ጥቂት ሰዎችን ብቻ የያዙ። ስኳር በሽታን አያድንም።

ከኪኒኔ ጋር አብሬ ብጠጣውስ?
እንደ ኪኒኑ ነው። ሜትፎርሚን ብቻውን ስኳርን ከልክ በታች የሚጥለው አልፎ አልፎ ነው። ግሊቤንክላማይድ ወይም ኢንሱሊን ከሆነ ግን ከሻዩ ጋር ተደጋግፈው ስኳርህን ከልክ በታች ሊጥሉት ይችላሉ። ላብ ላብ ካለህ፣ እጅህ ከተንቀጠቀጠ ቶሎ ጣፋጭ ነገር ውሰድ። የግፊት መድኃኒት የምትወስዱም ለሐኪማችሁ ንገሩ። ዋርፋሪን (ደም እንዳይረጋ የሚሰጥ መድኃኒት) የሚወስድ ሰው ደግሞ ዱቄቱን በዘፈቀደ አይጀምር፤ ቅጠሉ የመድኃኒቱን ሥራ የሚያዳክም ቫይታሚን ኬ አለው።

ጅዳ ነው ያለሁት፣ ነፍሰ ጡር ነኝ።
ሥሩንና ቅርፊቱን በፍጹም እንዳትነኪ፤ ማህፀን ያኮማትራሉ። አገር ቤት ቅጠሉ እንደ ጎመን ተቀቅሎ ይበላል፤ ዱቄትና ካፕሱል ግን ሌላ ነገር ነው። እስክትወልጂ ይቅርብሽ እላለሁ፣ እህቴ።

ካልሲየሙ ከወተት፣ ቫይታሚን ኤው ከካሮት ይበልጣል የሚባለው እውነት ነው?
ይህቺን ወሬ ሻጮች ይወዷታል! የሚወዳደረው ውሃው የወጣለት ደረቅ ዱቄት ከነውሃው ካለ ካሮትና ወተት ጋር ነው። 100 ግራም ወተት ግማሽ ብርጭቆ እንኳ አይሞላም፤ 100 ግራም ዱቄት በአንዴ የሚውጥ ግን ማነው? ደግሞም የሚጠቀሰው ቁጥር በአብዛኛው የሕንዱ ዝርያ ነው፤ የእኛው ስቴኖፔታላ የሚባለው ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሻዩን አጥልለህ ስትጠጣ ፕሮቲኑ፣ ብዙው ብረትና ካልሲየም ከቅጠሉ ጋር ይደፋል። የቫይታሚን ኤው መነሻ በውሃ አይሟሟም። የኮንሶና የደራሼ ሰው ቅጠሉን ራሱን ከኩርኩፋ (ከእህል ዱቄት ተድቦልቡሎ የሚቀቀል ምግብ) ጋር ይበላል፤ ጥቅሙ እዚያ ነው።

ኩላሊት ላለበትስ?
ፖታሲየም አለው፤ ሐኪም ሳይጠየቅ አይሆንም።

እንዴት ላፍላው?
አንድ የሻይ ማንኪያ ቅጠል ላይ የፈላ ውሃ አፍስሰህ 5 ደቂቃ ክደነው። ስትገዛ ቀለሙን እይ፤ ጥላ ላይ የደረቀ አረንጓዴ ነው፣ ፀሐይ የመታው ወይም የቆየው ቡናማ ይሆናል። እኔ ዝንጅብል ጣል አደርግበታለሁ፤ እናቴ ሀለኮ ተበላሸ ትላለች።