ናዚውን የተጫወተው ሰው ናዚ ነበር?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ‹ካዛብላንካ› ፊልም ላይ ሻለቃ ስትራሰርን ሆኖ የተወነው ሰውዬ እንዲያ የሚያስጠላው እውነትም ናዚ ስለነበር ነው? (ከጎንደር፣ ማራኪ)

መልስ፦ በጭራሽ ልጄ! እኔም አዘዞ አጎቴ ቤት ፊልሙን ያየሁ ቀን ጠምጄው ነበር። ስሙ ኮንራድ ፋይት ይባላል፤ በ1893 በርሊን ተወለደ (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው)። ሙያውን የጀመረው በማክስ ራይንሃርት ቲያትር ቤት፣ መድረክ ላይ ነው። በ1920 ድምፅ አልባው ‹የዶክተር ካሊጋሪ ካቢኔ› ላይ በእንቅልፍ ልቡ የሚሄደውን ቼዛሬን ተጫወተ። ያለ አንዲት ቃል፣ በዓይኑና በዚያ ረጅም ቁመናው ብቻ! ፈልገህ እየው፤ ለእኔ ከሥራዎቹ ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው።

በ1933 ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ተዋንያን ዘራቸውን ቅጽ ላይ እንዲሞሉ ተጠየቁ። ሚስቱ ሊሊ አይሁዳዊት ነበረች፣ እሱ ግን አልነበረም። ቢሆንም ‹አይሁዳዊ ነኝ› ብሎ ሞላ። ይህን ያነበብኩ ለት ዕንባዬ መጣ። ከዚያ አብረው ወደ እንግሊዝ ተሰደዱ፤ በ1939 ዜግነት አገኘ። ለእንግሊዝ የጦርነት ወጪም ከገንዘቡ ሰጥቷል።

ሂትለር ሲወድቅ ግን አላየም። በ1943 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ጎልፍ ሲጫወት ልቡ ቆመ። ገና 50 ዓመቱ ነበር።